ያልተከፈተችው ወይዘሮ

ዶኛ ኩካ በካሌታ ሞራዳ ወደብ ዓሣ ስትበልት አርባ ዓመት ኖራለች፤ ደምና አንጀት የሚያስደነግጣት ሴት አይደለችም። አርብ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ትልቁን የበረዶ ሣጥን ከፍታ አካፋዋን ስትሰድ ግን ብረቱ ጫማ ነካ። በረዶውን በእጇ ገለጥ አደረገችው። ጫማው ውስጥ እግር እንዳለ ስታይ ክዳኑን መልሳ ዘጋችና ሣጥኑ ላይ ተቀመጠች፤ ፖሊስ እስኪመጣም ከዚያ አልተነሳችም።

“ማነው?” አለቻት ኢንስፔክተር ብሪሂዳ ኦላቼያ እየተጣደፈች ስትደርስ።

“አርኑልፎ ነው። ፊቱን አላየሁም። ያንን ጫማ ግን ባለፈው ሳምንት በሲባጎ የሰፋሁለት እኔ ነኝ።”

አርኑልፎ ሉሴሮ የዓሣ ምርምር ቢሮው ተቆጣጣሪ ነበር። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ከባሕር የሚመለሱትን የመዝናኛ ጀልባዎች እየጠበቀ፣ እንግዶቹ በመንጠቆ ያወጡትን ዓሣ ሁሉ ሲለካና ሲያስመዘግብ ኖረ። ርዝመቱ ስንት፣ ክብደቱ ስንት፣ ወንድ ነው ወይስ ሴት። ወደቡ ሥራውን እንደ ቀልድ ያየው ነበር፤ ቀልዱ የሚያበቃው አንድ ጀልባ ማርሊን ከሚባለው አፉ እንደ ሰይፍ ከሾለ ትልቅ ዓሣ በቀን ከአንድ በላይ ገድሎ የመጣ ጊዜ ነው። ያኔ አርኑልፎ የሚያስመዘግበው ቁጥር የካፒቴኑን ፈቃድ ያሳግዳል።

ራሱን ከኋላ ሁለት ጊዜ ተመትቷል። ከጎኑ፣ እዚያው በረዶ ውስጥ፣ ዓሣ መምቻ ዱላ ተገኘ፤ እጀታው ላይ በጋለ ብረት “ላ ሜርሴድ” ተብሎ የጀልባ ስም ተጽፎበታል። ብሪሂዳ ስሙን ስታነብ ክው አለች። የላ ሜርሴድ ካፒቴን ኤቫሪስቶ ሴሴኛ አበልጇ ነው፤ ልጇን ኢትዜልን ክርስትና ያነሳት እሱ ነው።

ሐኪሙ መጣ፣ አየ፣ ራሱን ነቀነቀ። አስከሬኑ በረዶ ውስጥ ስለቆየ መቼ እንደሞተ መናገር እንደማይችል ገልጾ ሄደ።

ዐቃቤ ሕግ ቲራዶ ከዋና ከተማው ሲደርስ አራት ሰዓት ሆኖ ነበር። ቀጭን፣ ትሑት፣ ቶሎ የሚደክመው ሰው ነው። የምስክሮችን ቃል ቆሞ አነበበ።

“ረቡዕ ዕለት ይሄ ካፒቴን ሟቹን ‘በዚህ ዱላ አናትህን እፈረክሰዋለሁ’ ብሎታል። ሠላሳ ሰው ሰምቷል። እርስዎም ሰምተዋል ይባላል።”

“ሰምቻለሁ” አለች ብሪሂዳ። “አርኑልፎ ሁለተኛ ማርሊን መዘገበበት። ፈቃዱ ከሰኞ ጀምሮ ሊታገድ ነበር።”

“በመዝገቡ መሠረት ሟቹ ትናንት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ድረስ ዓሣ ሲለካ ነበር። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ካፒቴን የት እንዳመሸ የሚመሰክርለት ሰው አለው ተብሎ ተጽፏል። አበልጅዎ ብቻ ነው የሌለው።” ቲራዶ ወረቀቱን አጠፈ። “አስር ሰዓት ላይ ይዤው እሄዳለሁ። እስከዚያ የሚያገኙት ነገር ካለ ይፈልጉ። ዋና ከተማው እስር ቤት ከገባ ፋይሉ ተራ እስኪደርሰው ሁለት ዓመት ይፈጃል፤ ያኔ ደግሞ ማን የት እንደነበር የሚያስታውስ አይኖርም።”

ካቴናውን ራሷ አሰረችለት። ሌላ ሰው እንዲነካው አልፈለገችም። ኤቫሪስቶ እጁን ዘረጋላት።

*

የካሌታ ሞራዳ እስር ቤት አንድ ክፍል ነው፤ መስኮቱ ወደ ባሕሩ ይከፈታል። ኤቫሪስቶ ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቶ ተቀምጦ ነበር።

“ትናንት ከዘጠኝ ሰዓት ከአርባ በኋላ የት ነበርክ፣ አበልጄ?”

“ባሕር ዳር። ሞተሬን ስፈታ።”

“ብቻህን?”

“ሞተር ለመፍታት ማኅበር ያስፈልጋል እንዴ?”

“ዱላውስ?”

“ረቡዕ ተናድጄ ሚዛኑ ሥር ወርውሬው ሄድኩ። ሐሙስ ጠዋት ባሕር መሐል ሆኜ ብፈልገው የለም። ሦስቱን የዶራዶ ዓሦች በቢራ ጠርሙስ ነው የመታኋቸው፤ ግሪንጎዎቹ፣ አሜሪካዊ እንግዶቼ፣ ሲስቁብኝ ዋሉ። ጠይቂያቸው።”

“ሄደዋል። ጠዋት በመጀመሪያው አውሮፕላን።”

“እንግዲህ ምን ላርግሽ።”

ብሪሂዳ ኤቫሪስቶን ከልጅነቱ ታውቀዋለች። ሲቆጣ ይጮኻል እንጂ አይነክስም። ግን ዛሬ ሲያወራት ዓይኗን አላየም፤ ያ ነገር ከክፍሉ ስትወጣም አልለቀቃትም።

*

የመለኪያው ክፍል ከወደቡ ሚዛን አጠገብ ያለች፣ በሳንቃ የተሠራች ጠባብ ቤት ናት። ብሪሂዳ ስትደርስ የዓሣ አጥማጆች ክበብ ባለሚዛን ዶን ፌርሚን ኮሲዮ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃት ነበር። ሠላሳ ዓመት ዓሣ ሲመዝን ነጭ ሸሚዙ ላይ አንድ የደም ጠብታ አይቶበት የሚያውቅ የለም፤ በዚህም ይኮራል።

“ምስኪን አርኑልፎ” አለ። “ትናንት የመጨረሻውን ገጽ የጻፍኩለት እኔ ነኝ።”

ይህ የሚያስገርም አልነበረም። የአርኑልፎ እጅ ሁልጊዜ በዓሣ ልጋግ የተለወሰ ስለነበር ራሱ አይጽፍም። እየለካ ጮክ ብሎ ይጠራል፤ አጠገቡ የተገኘ ሰው ይጽፋል። መዝገቡ ውስጥ ሃያ ዓይነት የእጅ ጽሑፍ አለ፤ ከሦስት ዓመት በፊት ብሪሂዳ ራሷ የሞላችው ገጽም አለ። የሐሙስ ከሰዓት አራት መስመሮች በዶን ፌርሚን ቆንጆ ፊደል ተጽፈዋል። ሦስት ዶራዶ፦ አንድ ወንድ፣ ሁለት ሴት። በመጨረሻው መስመር ማርሊን፦ 172 ሳንቲ ሜትር፣ 61 ኪሎ፣ ሴት፣ ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ።

“ጀልባዎቹ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ገቡ” አለ ዶን ፌርሚን። “መዘንኩ። ካፒቴኖቹ ዓሣቸውን ጥለው ወደ ክበቡ ሄዱ። አርኑልፎ ዶራዶዎቹን ለካ፣ ወይዘሮዋን ለካ፣ እኔ ጻፍኩ። ከዚያ እኔም ክበቡ ገባሁ፤ እስኪዘጋ ድረስ ከአርባ ሰው ጋር ነበርኩ።”

በካሌታ ሞራዳ ማርሊን ሁሉ ወይዘሮ ናት። ወይዘሮዋ ነከሰች፣ ወይዘሮዋ ገመዱን በጠሰች፣ ወይዘሮዋ ወገቤን ቆረጠችኝ ይላሉ። ብሪሂዳም ከእናቷ ጡት ጋር የጠባችው አነጋገር ስለሆነ ጆሮዋ አልቆመበትም።

“ሲለዩት ምን ይመስል ነበር?”

“እንደ ሁልጊዜው። ኤቫሪስቶ ወደ ባሕር ዳር ሲወርድ በመስኮቱ እያየው ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ልጄ፣ ፈርቶ ነበር።”

ብሪሂዳ ክፍሉን ዞር ዞር ብላ አየች። የመለኪያ ሰሌዳ፣ ባልዲ፣ መደርደሪያ ላይ የአስራ አንድ ዓመት መዝገቦች። ጥግ ላይ ያልተከፈተ የሲሚንቶ ከረጢት ቆሟል፤ አንገቱ በወፍራም ገመድ ታስሯል።

“ይሄ ምን ይሠራል?”

“ጣሪያውን ሊያድስ ይሆናል።”

“ጣሪያው ቆርቆሮ ነው።”

“እንግዲህ ወለሉን” አለ ዶን ፌርሚን፤ የሸሚዙንም እጅጌ አስተካከለ።

*

ወደ አምስት ሰዓት ተኩል ገደማ አንድ ፖሊስ እየሮጠ መጣ። ናዛሪዮ ማሮን የሚባለው ካፒቴን የመኪናውን ኋላ በውኃ ሲያጥብ ተገኝቷል፤ የሚወርደው ውኃም ቀይ ነው።

ናዛሪዮ አምና አርኑልፎ መዝግቦበት ለስድስት ወር ከባሕር ታግዶ ነበር። የብሪሂዳ ልብ በተስፋ ዘለለ፤ ወዲያውም በዚህ ተስፋዋ አፈረች። ሰውየው ቀኝ እጁን በፋሻ ጠቅልሎ በግራው ቱቦ ይዞ አገኘችው።

“የማን ደም ነው?”

“የኔ። ሌላ የማን ሊሆን ነው?” ፋሻውን አሳያት። “ትናንት የመጣችው ወይዘሮ የኔ ናት። ስናወጣት በአፏ ሰይፍ መዳፌን ሰነጠቀችኝ። ክብደቷን እንኳ ቆሜ አላየሁም፤ ቀጥታ ክሊኒክ ነው የሄድኩት። አምስት ስፌት። ነርሷ ደግሞ እጇ እንደ እናቷ ምላስ ነው፤ እስከ አስራ አንድ ሰዓት አሰቃየችኝ።”

“አርኑልፎን ትጠላው ነበር።”

“እጠላው ነበር። ግን የምጠላውን ሁሉ ብገድል ኖሮ፣ ኢንስፔክተር፣ እዚህ ወደብ ማንን ትጠይቂ ነበር?”

ነርሷ ሁሉንም አረጋገጠች፤ ስለ ምላሱም የራሷን ጨመረች። ስድስት ሰዓት ተኩል ሆኗል።

ብሪሂዳ ከክሊኒኩ ወጥታ ወደ ባሕር ዳር ወረደች። ላ ሜርሴድ አሸዋው ላይ ተጎትታ ቆማለች። የሞተሩን ክዳን ልታነሳ ስትሞክር እምቢ አላት። ብሎኖቹ ላይ ጨው ጋግሯል፤ ቢያንስ አንድ ወር ቁልፍ የነካቸው የለም። እዚያው ጀልባው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

*

“ሞተርህን ማንም አልፈታውም” አለችው።

ኤቫሪስቶ መሬት መሬቱን አየ።

“የት ነበርክ?”

“ባሕር ዳር አልኩሽ።”

“ምን ስታደርግ?”

“ተቀምጬ።”

“ዋሸኸኝ። እዚያ ውጪ አንድ ሰው ሰዓቱን እያየ ይጠብቅሃል፣ አንተ እኔን ትዋሸኛለህ።” ፊት ለፊቱ ቆመች። “ኤቫሪስቶ፣ አርኑልፎን የገደልከው አንተ ነህ?”

በስሙ ጠርታው አታውቅም ነበር፤ ኢትዜል ከተጠመቀች ወዲህ አንድ ቀንም። ጠዋት ሲሸሽ የነበረው ዓይኑ ቀና ብሎ አያት፤ ረዥም ጊዜ አያት።

“የካቲት ላይ ለእመቤታችን አንድ ዓመት መጠጥ ላልቀምስ ስምል ቤተ ክርስቲያን አጠገቤ የቆመው ማን ነበር?”

“እኔ።”

“ትናንት ከትልቁ ቋጥኝ ኋላ አንድ ሙሉ ጠርሙስ ጠጣሁ። ፈቃዴ ሊሄድ ነው፣ ባሕሩን ላጣው ነው ብዬ ጠጣሁ። ጠርሙሱን እዚያው ታገኚዋለሽ። ላንቺ ከምነግርሽ ግን ሞተር ስፈታ ነበር ብል ይሻለኛል ብዬ ነው።” ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። “አሁን ውጪልኝ።”

ጠርሙሱን አገኘችው። አመነችውም። ግን ለቲራዶ የምትነግረው ነገር ከቅድሙ የከፋ ነበር፤ ብቻውን፣ ሰክሮ፣ ተናድዶ። ለስምንት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነው።

*

ዶኛ ኩካ ጠረጴዛዋ ላይ ቢላዋ ትስል ነበር። ዛሬ የወጣ ጀልባ ስለሌለ የሚበለት ዓሣ የለም፤ እሷ ግን እጇ ባዶ ከሆነ ታለቅሳለች።

“አርኑልፎን ትናንት መቼ አዩት?” አለች ብሪሂዳ።

“ስድስት ሰዓት ላይ። ያንን ሲሚንቶ ተሸክሞ ከሚዛኑ ወደ ክፍሉ ሲገባ። ‘ልትገነባ ነው?’ ብለው ‘ላፈርስ ነው’ አለኝ። ፊቱ ላይ ግን ሳቅ አልነበረም። ከዚያ እኔ ምሳዬን ልበላ ቤቴ ሄድኩ።”

“ከሚዛኑ ነው ያሉኝ?”

“ከሚዛኑ።”

“ጀልባዎቹ ሲገቡስ?”

“ተመልሻለሁ። ቁጥር ሲጠራ ሰምቼ ይሆናል።”

“ሰምተዋል ወይስ አልሰሙም፣ ዶኛ ኩካ?”

“አንቺ ልጅ፣ አስራ አንድ ዓመት በየቀኑ የምሰማውን ሰው ትናንት ሰማሁት አልሰማሁት በምን አውቄ? ዝም ሲል እንኳ ይሰማኛል።”

“በዓይንዎስ?”

ቢላዋው ቆመ። “ዶን ፌርሚን ‘ክፍሉ ውስጥ ነው፣ ይለካል፣ እናንተ ሂዱ’ ሲላቸው ሰማሁ። ሙቀቱ ያቃጥላል፤ ሁሉም ወደ ቢራው ነው የሮጠው። እኔም ዶራዶዎቹን ወስጄ ጠረጴዛዬ ላይ ነበርኩ።”

“ማርሊኗንም እርስዎ በለቷት?”

“ማን ነክቷት። የናዛሪዮ ግሪንጎ ሚስቱ ቅዳሜ መጥታ አጠገቧ ፎቶ እንድትነሳ ይፈልጋል። ወይዘሮዋ እንዳለች ክበቡ በረዶ ቤት ውስጥ ተኝታ የሚስትየዋን አውሮፕላን ትጠብቃለች።” ዶኛ ኩካ በክንዷ አፍንጫዋን ጠረገች። “አርኑልፎ እንዲህ ስል ቢሰማኝ ይቆጣ ነበር። ‘ሴት መሆኗን ማን ነገራችሁ? ልጃችሁን ድራችሁላታል?’ ይለናል። ዶራዶ በግንባሩ ይለያል፤ ወንዱ ግንባሩ እንደ ግድግዳ ቀጥ ያለ ነው። ወይዘሮን ግን ሆዷን ከፍተሽ ካላየሽ ማንም አያውቅም። እኔ ካልከፈትኩለት ሰረዝ ነው የሚያስጽፈው። ስንቴ ‘ሴት በላትና እንገላገል’ ብዬዋለሁ። ያላየሁትን አላስጽፍም ይላል፤ ግትር ነበር።”

ብሪሂዳ ዞራ ወደ መለኪያው ክፍል አየች። ከዚያ “ቢላዋውን ይዘው ይምጡ” አለች።

መጀመሪያ የሄደችው ወደ መዝገቦቹ ነው። አቧራው ላይ ተንበርክካ ከአስራ አንደኛው ዓመት ወደ አንደኛው ገለበጠች። ሳይበለት የሄደ ማርሊን በተጻፈበት መስመር ሁሉ፣ በየትኛውም ሰው እጅ ይጻፍ፣ የጾታው ቦታ ላይ ሰረዝ አለ። ብሪሂዳ በጻፈችው ገጽ ላይም ሁለት ሰረዝ አለ፤ ለምን እንደሆነ ያኔ ጠይቃው መልሱን ረስታዋለች። እስከ ሁለት መቶ ሰረዝ ድረስ ቆጥራ ተወችው። ሐሙስ ላይ ብቻ “ሴት” ይላል።

*

በረዶ ቤቱ ውስጥ ማርሊኑ በሰንሰለት በተሠራ አልጋ ላይ ተጋድሞ ነበር፤ ጎኑ ላይ ያሉት ሰማያዊ መስመሮች ደብዝዘዋል። ቲራዶ ኮቱን አጥብቆ ጎንበስ ብሎ ሆዱን አየ። አንድ ጭረት እንኳ የለውም።

“ሳይከፈት ሴት ተብሎ ተጽፏል” አለች ብሪሂዳ። “አርኑልፎ ይህን መስመር አላስጻፈም። አላስጻፈም ማለት ዘጠኝ ከአርባ ላይ በሕይወት ስለመኖሩ የዶን ፌርሚን ቃል ብቻ ነው የቀረን። ከስድስት ሰዓት በኋላ ያየው ሌላ ሰው የለም። ኤቫሪስቶ ደግሞ ከአራት እንግዶች ጋር ከንጋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ባሕር ላይ ነበር።”

“ሟቹ አንድ ቀን ገምቶ ቢሆንስ?”

“አስራ አንድ ዓመት ያልገመተ ሰው?”

“እኔ አምንዎታለሁ። ዳኛው ግን ‘ልክ ገምቶ ከሆነስ?’ ይለኛል።” ቲራዶ ሰዓቱን አየ። ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ነው። “ስንት ከስንት ነው ዕድሉ?”

“ግማሽ በግማሽ።”

ለፎቶው ያስቀመጠው ግሪንጎ ይናደዳል ያለ የለም። ብሪሂዳ እንድትከፍተው ለዶኛ ኩካ ምልክት ሰጠቻት። ዶኛ ኩካ አማተበችና ቢላዋዋን ከጭራው በኩል አስገባች። የቆዳው ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር። ሴት ከሆነች የብሪሂዳ አበልጅ በአርባ ደቂቃ ውስጥ መኪና ላይ ይወጣል። ዶኛ ኩካ እስከ ክንዷ ገብታ ትፈልግ ጀመር፣ ቆም አለች፣ ከዚያ ሁለት ረዣዥም፣ ነጣ ያሉ ነገሮች ይዛ ወጣች። መዳፏ ላይ ዘርግታ አየቻቸው።

“ኧረ ጉድ” አለች ቀስ ብላ። “ወንድ ነው።”

*

ዶን ፌርሚን ሚዛኑ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጋዜጣ ያነብ ነበር። ሁለት ፖሊሶች የሲሚንቶውን ከረጢት ተሸክመው ሲመጡ ሲያይ ጋዜጣውን አጠፈ፤ ግን አልተነሳም። በገመዱ ሰቀሉት። የሚዛኑ ቀስት ዞረ፣ ተወዛወዘ፣ ቆመ።

“ከረጢቱ ሃምሳ ኪሎ ይላል” አለች ብሪሂዳ። “ሚዛንዎ ሃምሳ ስድስት ይላል።”

“ሲሚንቶ እርጥበት ይስባል።”

“ስድስት ኪሎ?”

“የባሕር ዳር ነው፣ ልጄ።”

“አርኑልፎ ሐሙስ ስድስት ሰዓት ላይ ይህንኑ አደረገ። ጀልባ የለም፣ ሰው የለም። ከዚያ ምን ሆነ?”

“ከዚያ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወይዘሮዋን ለካ። ጽፌልሻለሁ።”

“ወይዘሮዋ ወንድ ሆና ተገኘች፣ ዶን ፌርሚን።”

ባለሚዛኑ ከወንበሩ ቀና አለ። የዶኛ ኩካን እጅ አየ። እስከ ክርኗ ድረስ በደም ተነክሯል።

“ማን ክፈቺው አለሽ?” አላት።

“ሁሉም ሰው ሴት ናት ይላታል” አለች ብሪሂዳ። “እኔም እላለሁ። ይህን ወደብ ብንዞር ሳያይ ሴት ብሎ የማያስጽፍ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እርስዎም በስሙ ጻፉ።”

ዶን ፌርሚን ተነስቶ ከረጢቱን ከመንጠቆው ሊያወርድ ሞከረ። ከበደው፤ ተወው።

“እንግዶቹ ወደ ሰሜን መሄድ ጀምረው ነበር” አለ። “ሰው ትልቅ ዓሣ ወዳለበት ነው የሚሄደው። የሚዛኑን ብሎን በጥፍሬ ነው ያዞርኳት። በየዓመቱ ትንሽ። ሆቴሉ ሞላ፣ ጀልባዎቹ ተቀቡ፤ ማንም ምንም አልጠየቀም። እሱ ግን ክብደቱን ሳይሆን ርዝመቱን ነበር የሚያየው። ‘ዓሦቹ እያጠሩ ነው፣ አንተ ሚዛን ላይ ግን እየከበዱ ነው’ አለኝ። ‘ባሕሩ እየተራቆተ አንተ ደበቅክብን’ አለኝ። እስከ ሰኞ ራስህ ተናገር አለኝ፤ እንደ ወንድም ነው የነገረኝ።”

“እና?”

“ሠላሳ ዓመት መዝኛለሁ። ሰው ፊት ቆሜ ‘ዋሽቻችኋለሁ’ ብዬ አላውቅም። ክፍሉ ሲገባ ተከተልኩት። ዱላው ሚዛኑ ሥር ወድቆ ነበር፤ አነሳሁት። ለምን እንዳነሳሁት አላውቅም ብልሽ ታምኚኛለሽ?”

“አላምንዎትም። ሬሳውን በረዶው ውስጥ ከቀበሩት በኋላ ጀልባዎቹ እስኪገቡ ብዙ ጊዜ ነበረዎት። ብሎኗን ለምን አልመለሷትም?”

“የዚያን ቀን እንግዶች ዓሣቸው ከትናንቱ አንሶ እንዲያገኙት አልፈለግኩም።”

ቲራዶ መጻፉን አቁሞ ቀና አለ። ብሪሂዳ አንድ እርምጃ ቀረበች።

“ኤቫሪስቶስ?”

“እሱ ፈቃዱን ሊያጣ ነበር” አለ ዶን ፌርሚን፤ እንደሚያስረዳ ሰው ነው የሚናገረው። “ከባሕር ከወጣ በኋላ ምን ይቀርበታል ብዬ አሰብኩ።”

ብሪሂዳ በሃያ ሁለት ዓመት ሥራዋ ሰው መትታ አታውቅም። እጇን ኪሷ ውስጥ ከትታ ፖሊሶቹ እስኪያስሩት ድረስ እዚያው ያዘችው። ሲወስዱት ነጭ ሸሚዙ ላይ የሲሚንቶ አቧራ ነበር፤ በታሰረ እጁ ሊያራግፈው ይታገል ነበር።

*

የእስር ቤቱን በር ስትከፍት አስር ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ቀርቶታል። ኤቫሪስቶ ሁሉንም ከፖሊሶቹ ሰምቷል። ቀበቶውንና ኮፍያውን መለሰችለት፤ ፈረመ።

“ፌርሚን ነው አሉኝ” አለ።

“እሱ ነው።”

“ብዙ ሮጠሻል። ዶኛ ኩካ ነገረችኝ። አመሰግናለሁ።”

“ምን ማለትህ ነው፣ አበልጄ፤ በኔና ባንተ መሐል ምስጋና ምን ያደርጋል?”

ኮፍያውን በእጁ አዙሮ አዙሮ አየው። “ጠየቅሽኝ” አለ።

“ሥራዬ ነው።”

“አውቃለሁ። ሠላሳ ሰው ገዳይ ሲለኝ ምንም አልመሰለኝም። አንቺ ግን ዓይኔን እያየሽ ጠየቅሽኝ።”

“አንተስ? ዋሸኸኝ። ሞተር ስፈታ ነበር አልከኝ፤ ሄጄ አየሁት። ምን ላስብ?”

“ስለ አንድ ጠርሙስ ነው የዋሸሁሽ፣ ብሪሂዳ። አንቺ የጠየቅሽኝ ስለ ሰው ደም ነው።”

ልትመልስለት ፈለገች። የጠየቀችው የጥርጣሬውን መንገድ ሁሉ ልትዘጋ ብላ መሆኑን፣ እንደማንኛውም ተጠርጣሪ ካልጠየቀችው ቲራዶ እንደማያምናት ልትነግረው ፈለገች። ግን እውነቱ እንዲህ አልነበረም፤ ጀልባው ጠርዝ ላይ በተቀመጠችባት ጊዜ አድርጎታል ብላ አስባ ነበር፤ እሱም ይህን ከፊቷ ላይ አንብቦታል።

“እሁድ ኢትዜልን ባሕር ልትወስዳት ቃል ገብተህላት ነበር” አለችው በመጨረሻ። “ትዘጋጅ ልበላት ወይስ ትቀራለች?”

ኤቫሪስቶ ኮፍያውን አደረገ።

“እወስዳታለሁ። እሷ ምንም አልጠየቀችኝም።”

አልፏት በበሩ ወጣ። ብሪሂዳ የመውጫውን ሰዓት መዝገቡ ላይ ጻፈች፤ ከዚያ ቲራዶ ሌላውን እስረኛ እየጠበቀ ስለነበር ወደ እሱ ሄደች።